በዓይኑ «ዐ» የተጻፈው ሰው

ጎጃም ለሁለት ሲከፈል የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበርሁ። ምሥራቁ በደብረ ማርቆስ ቀረ፤ ምዕራቡ ባሕር ዳርን ዋና ከተማ አድርጎ የራሱን አስተዳደር፣ የራሱን ፖሊስና የራሱን ፍርድ ቤት ይዞ እንዲቆም ተወሰነ። በሬዲዮ ሲነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ መዝገብ ቤት የምንሠራው ግን ያችን አንድ ደቂቃ ስንሸከም ከረምን። ሥልጣን ሲዛወር ሰው የሚያየው ታፔላ ሲቀየር ነው። እኔ ያየሁት ጆንያ ነው። በጆንያ ታስሮ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ዳንግላ ላይ ዝናብ መትቶት ነው ሥልጣን የመጣልን።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ወጥቼ ሥራ ስለፈታሁ ብቻ አይደለም። ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ኮምፒዩተሯ ላይ የአንድ ባለጉዳይ ስም ጽፋ፣ «እማማ፣ የለም ይላል» አለችኝ። በየትኛው ፊደል ጻፍሽው ብላት፣ በየትኛው ማለት ምን ማለት ነው አለችኝ። ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ያን ቀን የነገርኋት ነው እዚህ ያለው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የአንዱን የመጀመሪያ ፊደል ግን አልለወጥሁም።

ተማሪ ቤት አልገባሁም። እንፍራንዝ ተወልጄ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ከሚሠራው ወንድሜ ዘንድ መጣሁ። ወንድሜ ነፋስ እንዳይገባው ክፍሉን በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፎት ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ ግድግዳ ነው። ከፈረቃ ሲመለስ በጣቴ እያሳየሁ ይኸ ማነው፣ ይኸስ ማነው እለዋለሁ፤ ይነግረኛል፤ እየነገረኝ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከአልጋው በላይ ያለውን ጋዜጣ ግን ገልብጦ ነበር የለጠፈው፤ ስለዚህ ግማሹን ንባብ የተማርሁት ተዘቅዝቆ ነው። ይኸ ነገር ኋላ ጠቀመኝ። ከዳኛ ጠረጴዛ ማዶ ቆሜ የሚጽፉትን ከራሳቸው ቀድሜ አነብ ነበር። ተዘቅዝቆ ያለ ጽሑፍ ሲያነቡት ግን እንደ ልጅ ፊደል በፊደል ነው፤ መዝለል የለም። ይችን ነገር ያዙልኝ።

ሥራ የጀመርሁት በቀበሌ ነው። በደርግ መጀመሪያ ጥቃቅን ጠብና ክርክር ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ወጥቶ ለቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ይሰጥ ተባለ። መጻፍ የምትችል ሴት ሲፈለግ ጎረቤቶቼ «ያች ግድግዳ የምታነበው» ብለው ጠቆሙኝ። የመጀመሪያውን ርክክብ ያደረግሁት ከአንድ ፖሊስ ጋር ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ይግዛው ይባላል፤ ረጅም፣ ሲቀልድም ፊቱ የማይስቅ ሰው። ዝርዝሩን ቆሞ ያነባል፤ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ጓጉንቸር ከነቁልፉ አንድ። አግዳሚ ወንበር ሁለት፣ አንዱ እግረ ሰባራ። የክስ ደብተር አንድ። ዱላ አንድ።

«ዱላውን ምን ላድርገው?» አልሁት።

«ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ትረከቢያለሽ። ዱላ ሲረከቡት ነው እንጂ ሲጠቀሙበት ፊርማ አይጠየቅም» አለኝ።

ፈረምሁ፤ ዱላውን የበር መቀርቀሪያ አደረግሁት። ያ ዘመን በየቀበሌው ብዙ ክፉ ነገር የተሠራበት ነው። የኛ ሸንጎ የድንበርና የስድብ ጉዳይ ነበር የሚያይ፤ ከግቢው ማዶ ለሚሆነው ግን ጆሮ ነበረን። የማውቀው ስለማይሞላ እዚህ አልጽፈውም፤ አልሰማሁም ብዬም አልዋሽም።

ቀበሌያችን አንዲት የጽሕፈት መኪና ነበረችው፤ ከተወረሰ ቤት የመጣች። ማንም ስላልነካት እኔ ነካኋት። በሁለት ጣት ጀምሬ በስድስት ጣት ቀረሁ፤ እስከ መጨረሻውም በስድስት ነበርሁ። ያች መኪና አንድ ጉድለት ነበረባት፤ የዓይኑ «ዐ» ቁልፍ ተሰብሮ አይመታም። ዓለምን «አለም»፣ ዓመትን «አመት» እያልሁ በአልፋው «አ» ብቻ ስመታ ስድስት ዓመት ኖርሁ። ማንም ቅር አላለውም። እኔም ዓይኑ «ዐ» የተማሩ ሰዎች የሚያጌጡበት ፊደል ነው እንጂ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ከቀበሌ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት በጸሐፊነት አለፍሁ። እዚያ ሁለት አለቆች አየሁ። አንዱ እየተንጎራደደ ነበር የሚያስጽፈኝ፤ ወደ መስኮቱ ሲሄድ ድምፁ ይጠፋል፤ ፍርዱን ግማሹን ከጀርባው ነበር የምገምተው። ሁለተኛው ወለሉ ሳይጠረግ ችሎት አይቀመጥም። ደመወዙ እንዴት ነበር ለምትሉ፣ ለኪራይና ለዘይት በቃኝ፤ ከዚህ በላይ ወሬ የለውም።

እንግዲህ ወደ መከፈሉ ልመለስ።

አዲሱ አስተዳደር ሲቋቋም ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ሰዉ ብቻ አሮጌ ነበር። ፖሊሶቹ በቃል ትእዛዝ ከደብረ ማርቆስ ተላቀዋል፤ እግራቸው ግን አልለመደም፤ ሪፖርታቸውን አሁንም ወደዚያው ይልካሉ፤ ተመልሶ ወደኛ ይላካል። አንድ ፖሊስ ገበያ ላይ የያዘውን ዶሮ ሌባ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ላቅርብ ብሎ ሦስት ቀን ይዞት ዞረ። በመጨረሻ አዲሱ ፍርድ ቤት የት እንደሆነ ጠይቆ ያገኘው ሌባው ነው ይባላል። ይህን ያወራልኝ ሃምሳ አለቃ ይግዛው ነው፤ እሱም በዚያን ጊዜ የአዲሱ ፖሊስ የኤግዚቢት መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ነበር። ለክስ ማስረጃ የተያዘ ቢላዋ፣ ገመድ፣ ብስክሌት፣ ሁሉ በሱ እጅ ነው።

እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተባልሁ። ከደብረ ማርቆስ መዛግብቱን ይዘው ሊያስረክቡን የመጡት አቶ ቢተውልኝ ነበሩ። ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ የጠበቁ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ከኛ ጋር የቆዩት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሥራ የምለውን ግን ከሳቸው ነው የተማርሁት።

ጠዋት ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ከጀሪካን ውኃ ቀድተው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ ነው መዝገብ የሚነኩት። ገጽ ለመግለጥ ምራቅ አይነኩም፤ በቆርቆሮ ክዳን እርጥብ ጥጥ አላቸው። መዝገብ የሚያስሩበት ቋጠሮ በአንድ ሳብ የሚፈታ፣ ራሱ ግን የማይፈታ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ተማርሁት። መዝገብ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የወሰደው ሰው ስም ያለበት ካርቶን ያስገባሉ፤ «ምትክ» ነው የሚሉት። ጥርስ ሲወልቅ ምላስ ቦታውን እንደሚፈልገው፣ መደርደሪያም የጎደለውን ማወቅ አለበት ይላሉ።

የሚገርመው ግን ይኸ ነው። መዝገብ ወደ ቦታው ከመመለሳቸው በፊት የባለጉዳዩን ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ እንደ ስም ጥሪ። ጠርተውም አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያሉ።

«አቶ ቢተውልኝ፣ ማን ይመልስልዎታል?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ያለበት አይሰማም፤ ታስሮ ነው ያለ» አሉኝ። «ስሙን እንኳ ሰው ይጥራለት እንጂ፣ አንቺ ልጅ።»

ሳቅሁባቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ልማዳቸውን ግን አልተዉም።

የመጣው አርባ ሁለት ጆንያ ነው። እያንዳንዱ ጆንያ ፊደል ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ፊደል ሦስት ጆንያ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሩብ ጆንያም አይሞላ። አቶ ቢተውልኝ ርክክቡ በስም ይሁን አሉ፤ አንድ አንድ መዝገብ እየተጠራ። ወር ይፈጃል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ተሾመ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ለምረቃ ትልልቅ ባለሥልጣኖች ሊመጡ ነው፤ ወለሉ ጆንያ በጆንያ ሆኗል። «በጆንያ ቁጥር ተረከቢና ፈርሚ፤ ኋላ ትደረድሪዋለሽ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እጄ ፈጣን ነው፤ ሽማግሌው የወር ሥራ ያሉትን በሳምንት እንደምጨርሰው አውቄያለሁ። ብዕሩን አነሣሁ።

አቶ ቢተውልኝ ከኔ በፊት አልፈረሙም። «በጆንያ የተረከብሽውን በሰው ትጠየቂበታለሽ» አሉኝ። ከዚያ ፈረሙ። በማግሥቱ ጉልበታቸውን እያሹ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ።

አናጢው ካዘዝነው መደርደሪያ ግማሹን ብቻ አመጣ። ቦታ ጠበበኝ። ያኔ ነው ብልኅ ነኝ ያልሁት። አቶ ቢተውልኝ ሃሌታውን «ሀ»፣ ሐመሩን «ሐ»፣ ብዙኃኑን «ኀ» ለየብቻ ነው የደረደሩት፤ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ»፣ ጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» እንዲሁ። ባለጉዳይ ደግሞ ስሙን በአፉ ነው የሚነግረኝ፤ በአፍ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። ድምፁ አንድ የሆነውን ሁሉ አንድ ቦታ ላድርገው አልሁ። ሀውን ጨረስሁ። ሠውን ጨረስሁ። ጸውን ጨረስሁ። ዓይኑን «ዐ» ከአልፋው «አ» ለማቀላቀል ስነሣ ጓድ ተሾመ በር ላይ ቆመው እንግዶቹ ደረሱ አሉ። የዓይኑ ሠላሳ የማይሞላ እስር መዝገብ ነበር። ግድግዳ ሥር ከነበረ የብረት ሳጥን ውስጥ ጨመርሁት፤ ዘጋሁ፤ ጨርቅ አለበስሁት።

ምረቃው አማረ። ሲያልቅ ወንበሮቹን አበዳሪዎቹ መጥተው ወሰዱ፤ የኔን ጨምሮ። እኔም ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛዬ ስቤ ተቀመጥሁበት። ሦስቱን አንድ ያደረገ ሰው አራተኛውን የረሳ አይመስለውም። ሁሉን የጨረስሁ መስሎኝ አምስት ወር ተቀመጥሁ።

ዘሐራ የመጣችው በኅዳር ነው። ከሐይቁ ዳር ሰፈር ናት፤ ዓሣ ትሸጣለች። ሽታው እንዳያስቀይመን ብላ ከደፉ አትገባም፤ ከበር ውጭ ቆማ ነው የምትናገር።

«እታለም፣ የወንድሜ መዝገብ መጥቷል?»

ስሙን ብጠይቃት አሊ ይመር አለችኝ፤ እኔም በጆሮዬ እንደሰማሁት በአልፋው ጻፍሁት።

ወንድሟ ታንኳ ቀዛፊ ነው። ከዘጌ ሰው ጭኖ ሲመለስ ነፋስ ተነሥቶ ታንኳው ተገለበጠ። ከአራት ተሳፋሪ ሦስቱን አወጣ፤ አንዲቷን ነጋዴ ውኃው ወሰዳት። ከልክ በላይ ጭነሃል ተብሎ ተከሶ ተፈረደበት፤ ይግባኙ ደብረ ማርቆስ ላለው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። እሱ ራሱ ባሕር ዳር ወህኒ ቤት ነው። ፍርዱ ሊነበብ ቀጠሮ በተያዘበት ወቅት ጎጃም ተከፈለና ጉዳዩ ወደኛ ተዛወረ። መዝገብ ከሌለ ቀጠሮ የለም፤ ቀጠሮ ከሌለ ወህኒ ቤቱ እስረኛ አያቀርብም። ነገሩ ሁሉ ያለው ከኔ ዘንድ ነው።

የ«አ»ን መደርደሪያ ፈተሽሁ። እኛው የከፈትንለት አሊ አለ፤ የይመር ልጅ ግን የለም። የስም ደብተሩንም በ«አ» በኩል ገለጥሁ፤ የለም። «አልመጣም» አልኋት። ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣት ጀመረች። በየሳምንቱ እፈልጋለሁ፤ በየሳምንቱ አልመጣም እላለሁ። ከሳጥኑ ሳልነሣ የምመልስላት ቀንም ነበር።

በታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ጠይቂ አልኋት። ሄደች። እዚያ ያርባ ሁለቱን ጆንያ ደረሰኝ ከነፊርማዬ አነበቡላት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እነሱ ሰጥተናል ይላሉ። እናንተ አልመጣም ትላላችሁ። ወንድሜ መንገድ ላይ ወርዶ ይሆን?» አለችኝ።

እኔም ዳንግላ ላይ ዝናብ የመታው ጆንያ ትዝ አለኝ፤ ምናልባት እዚያ ረጥቦ ተጥሎ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አሰብሁ ብቻ አይደለም፤ ነገርኋት። ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ አያጣም።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና መጣች። ስለ መዝገቡ አልጠየቀችኝም።

«እናታችን ዓርብ ሄደች» አለችኝ። «ለቀብር እንዲያስወጡልኝ ወህኒ ቤት ሄጄ ነበር። የመዝገብ ቁጥር ስጭን አሉኝ።»

ቁጥር አልነበረኝም። አፈሩ ይቅለላት አልሁ። እሷም አሜን ብላ ሄደች። ያን ቀን እስከ ሥራ መውጫ የ«አ»ን መደርደሪያ እንደገና ከላይ እስከ ታች አወረድሁት። ጣቴ በአቧራ ጠቆረ። አላገኘሁትም፤ ለምን እንደማላገኘውም ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ አሰላስል ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሃምሳ አለቃ ይግዛው ኤግዚቢቶቹን ከመዝገቦቻችን ጋር ሊያመሳክር መጣ። ከብብቱ አንድ የታንኳ መቅዘፊያ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመው።

«ለዚህ ባለቤት ፈልጊለት» አለኝ። «መጋዘኔን አጣበበው። በመጣሁ በሄድሁ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል፤ እኔም እንዳልመታው የመንግሥት ዕቃ ነው።»

መቅዘፊያው አንገት ላይ የካርቶን ካርድ ታስሯል። ጽሕፈቱ የአቶ ቢተውልኝ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ሲወጣ እሳቸው ናቸው የጻፉበት። ካርዱ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሮ ነበርና ተዘቅዝቆ ነው ያነበብሁት፤ ፊደል በፊደል፣ እንደ ልጅነቴ። የመጀመሪያው ፊደል ክብ ነበር፤ ከበታቹ እግር አለው። «ዓ»። ቀጥሎ «ሊ»።

ዓሊ ይመር። በዓይኑ።

በልቤ ቆጠርሁ። ሀውን አንድ አድርጌያለሁ። ሠውን አንድ አድርጌያለሁ። ጸውን አንድ አድርጌያለሁ። ዓይኑንስ? ዓይኑን የት አደረግሁት?

ብድግ አልሁ። ሃምሳ አለቃው ጊንጥ ነከሰሽ ወይ አለኝ። ጨርቁን ገፈፍሁ፤ ክዳኑን ከፈትሁ። ከላይ ወደ ታች አራተኛው ነበር። ቋጠሮውን በአንድ ሳብ ፈታሁት። ውስጡ ፍርዱ ተጽፎ፣ ሦስቱም ዳኞች ፈርመውበት፣ ማኅተም ብቻ ይጠብቃል። ነፋሱ ድንገት የተነሣ ነው፣ ጭነቱም ከልማድ አላለፈም ይላል። ከመጨረሻው መስመር «በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ዛሬውኑ ይለቀቅ» ይላል። ዛሬውኑ። ጆንያው ከመታሰሩ ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ ነው።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ቆሜ «ዓሊ ይመር» ብዬ ጮክ ብዬ ጠራሁ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየሁ።

ሃምሳ አለቃ ይግዛው ከወገቡ ቀና ብሎ፣ ፊቱ ሳይስቅ፣ «አለ» አለ።

መዝገቡን ይዤ ጓድ ተሾመ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ገና ሳልጨርስ ዳኞቹን አስጠርተው፣ የመፍቻውን ትእዛዝ አስጽፈው፣ ማኅተም አድርገው በሃምሳ አለቃው እጅ ወደ ወህኒ ቤት ላኩት። ከዚያ በኋላ ነው በሩን የዘጉት።

መዝገቡ የዘገየበትን ምክንያት ለበላይ ማሳወቅ አለብን። «ከደብረ ማርቆስ ዘግይቶ ደረሰ በይው» አሉኝ። አዲስ መሥሪያ ቤት ነን፤ ፍርዱን ራሳችሁ ፍረዱ ተብሎ ሥልጣን ከተሰጠን ገና ስድስት ወር ነው፤ በተሰጠን ማግሥት ነፃ ሰው አሥረን አገኘን ብለን እንዴት እንጻፍ ይላሉ። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቷል፤ ምንም አይደርስበትም ይላሉ።

እውነት ነው፤ ምንም አይደርስባቸውም ነበር። እኔ ግን ልጅ አለኝ፤ የቤት ኪራይ አለኝ፤ ከዚያ ሥራ ብባረር ግድግዳ አንባቢ ነኝ እንጂ የማሳየው ሠርተፊኬት የለኝም። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው አስገባሁ። የአዲሷ መኪና የዓይኑ ቁልፍ ደኅና ነበር።

«መዝገቡ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ፣ እኔ ወንበር አድርጌ በተቀመጥሁበት ሳጥን ውስጥ አምስት ወር ቆይቷል» ብዬ መታሁ።

ጓድ ተሾመ አነበቡት። «የተቀመጥሽበትን እንኳ አውጭው» አሉኝ።

«ጓድ፣ የጆንያው ፊርማ የኔ ነው። የተቀመጥሁትም እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ፈረሙበት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የዚያ ዓመት የደመወዝ እርከን ቀረብኝ። አልተባረርሁም። ለምን እንዳልተባረርሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት የዓይኑን ሳጥን ከኔ በቀር የሚደረድረው ስለሌለ ይሆናል።

ለአቶ ቢተውልኝም ጻፍሁላቸው። ምንም ሳላስቀር። መልሳቸው አጭር ነበር። ወቀሳ የለበትም። «ደብረ ማርቆስ አንድ ጨርቅ ሻጭ ሼህ ነበሩ። ዓሊን በምን ልጻፈው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ከጉሮሮ ነው አሉኝ። የጉሮሮው ዓይኑ ነውና በዓይኑ ጻፍሁት። የሰውን ስም ባለቤቶቹን ጠይቆ መጻፍ ነው። ሀውንና ሠውን መልሰሽ ለያቸው» ይላል። ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ለየኋቸው። አንድ አንዱን ስም እየጠራሁ ነው የለየሁት፤ ሃምሳ አለቃው በመስኮት ሲያልፍ ሰምቶ «ትምህርት ቤት ከፈትሽ?» ይለኝ ነበር።

ዓሊ ከተፈታ በሦስተኛው ቀን መቅዘፊያውን ሊወስድ መጣ። ቀጭን፣ ጢሙ ያልተስተካከለ ሰው ነው። በአውራ ጣቱ ፈረመ። የሆነውን ሁሉ እኔ ራሴ ነገርሁት፤ ወለል ወለሉን እያየ ሰማኝ። ከዚያ መቅዘፊያውን ወደ ብርሃን አዙሮ ጠርዙን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ።

«ደርቋል» አለ። «ውኃ ካጣ ይሰነጠቃል።»

ይዞት ወጣ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እህቱ ዘሐራ መጣች። ትመጣለች አላልሁም። የዓሣ ቅርጫቷን በሩ ላይ አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን አልፋ ገባች።

«የት ነበረ?» አለችኝ።

«ሳጥን ውስጥ።»

«የትኛው ሳጥን?»

ተነሥቼ አሳየኋት። ክዳኑን ከፍታ ባዶውን አየች። ዘጋችው። ከዚያ ዞራ ተቀመጠችበት። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምን ያህል እንደተቀመጠች አላውቅም። ስትነሣ ቀሚሷን አራግፋ፣ «ይቆረቁራል» አለችና ሄደች። ይቅርታ ላልኋት የመለሰችው ይኸን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ግን ተመለሰች፤ አንዲት ጎረቤቷን ይዛ። የሴትዮዋ ባል ታስሮ መዝገቡ ጠፍቷል ተብሏል። ዘሐራ ፊደል አትቆጥርም። ስሙን ግን ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ አንዴ እንደ ልማዷ፣ አንዴ ከጉሮሮዋ። «በሁለቱም ፈልጊልኝ፣ እታለም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደርግ እስኪወድቅ፣ ወድቆም ብዙ ዓመት፣ በየማክሰኞው የሰው መዝገብ ልታስፈልግ ትመጣ ነበር። ቅርጫቷን በሩ ላይ ታስቀምጣለች፤ ትገባለች፤ ሳጥኑ ላይ ትቀመጣለች፤ እስካገኘው ድረስ አትነሣም።